«የድሮ መኪና ብረት ነበር!» የመኪናችሁ ላሜራ ለምን እንደሚጨማደድ ከሐኪም ልንገራችሁ



የዛሬው የጨጓራም የደም ግፊትም ጉዳይ አይደለም። ስለ መኪና ነው የማወራችሁ፤ መኪናው ስለተሠራበት ብረት፣ ጨርቅ፣ መስታወትና ፕላስቲክ። «ዶክተር ደግሞ በመኪና ምን ያገባዋል?» የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ። ድንገተኛ ክፍል ተረኛ የሆነ ሐኪም ሳይወድ በግዱ ትንሽ መካኒክ ይሆናል። የትኛው ወንበር ላይ ነበርክ? ቀበቶ አስረህ ነበር? ኤርባጉ ወጥቷል? መሪው ታጥፏል? የፊት መስታወቱስ? እያልን የምንጠይቀው ለወሬ አይደለም። መልሱ ጉዳቱን መጀመሪያ አንገት ላይ፣ ደረት ውስጥ ወይስ ሆድ ውስጥ መፈለግ እንዳለብን ይጠቁመናል።

አደጋ የደረሰበትን ሰው ይዘው ከሚመጡ ቤተሰቦች ደጋግሜ የምሰማት ነገር ደግሞ አለች። «ዶክተር፣ መኪናው እኮ እንደ ካርቶን ነው የተጨማደደው! የዛሬ መኪና ላስቲክ ነው። የድሮው ላዳ ቢሆን ምንም አይነካውም ነበር።» ይሄ ሲባል አደጋው የደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ በስልክ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያለ ነው። መኪናው ተጨማዶ ሰውየው ደህና መሆኑን እንደ ዕድል ብቻ ነው የሚቆጥሩት። ግን መኪናው የተጨማደደው እሱ እንዳይጨማደድ ነው።

በነገራችን ላይ ይህች አባባል ዝም ብላ የምትታለፍ አይደለችም። ሰው በሷ ተመርቶ መኪና ይገዛል፣ በሷ ተመርቶ ፊት ላይ ብረት ያስበይዳል፣ ጋራዥ ውስጥም «ዋናው መልኩ ይስተካከል» ይላል።

እስቲ በሒሳብ እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ግድግዳ ሲመታ ውስጡ ላለው ሰው ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ መሬት እንደመምታት ነው። በከተማ ውስጥ 50 ደግሞ «ቀስ ብዬ ነበር እኮ» የምንለው ፍጥነት ነው። ከዚያ ፍጥነት ወደ ዜሮ ስንወርድ ሰውነታችንን የሚጎዳው የምንቆምበት ርቀት ማጠሩ ነው። መኪናው የማይታጠፍ ድንጋይ ቢሆንና በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ ውስጡ ጥብቅ ብሎ የታሰረ የ70 ኪሎ ሰው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ከ130 ኩንታል ይበልጣል። አፍንጫው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጨማዶ ቢቆም ግን ወደ 11 ኩንታል ይወርዳል። 11 ኩንታልም ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ከሰከንድ አንድ አስረኛ ላነሰ ጊዜ ብቻ ስለሆነና ጠንካራ አጥንት ላይ ካረፈ ጤነኛ ሰው ይቋቋመዋል። 130ውን የሚቋቋም የለም።

እኛ ሐኪሞች አንድን አደጋ እንደ ሦስት ግጭት ነው የምናስበው። መጀመሪያ መኪናው ይጋጫል። ቀጥሎ ሰውነት ከመኪናው ውስጠኛ ክፍል ጋር ይጋጫል። በመጨረሻ የውስጥ አካላት ከራሳችን አጥንት ጋር ይጋጫሉ። አንጎል ከራስ ቅል ጋር፣ ጉበትና ጣፊያ ከጎድን አጥንት ጋር። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ አንዱ ክፍሉ በደረት ጀርባ ላይ የተያዘ፣ ሌላው ክፍሉ ከልብ ጋር የሚወዛወዝ ስለሆነ ድንገት ስንቆም መጋጠሚያው ላይ ሊቀደድ ይችላል። ይህ የደረሰበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታል ሳይደርስ ነው የሚሞተው፤ ደረቱ ላይ አንዲት ጭረት እንኳን ላትታይ ትችላለች። «ምንም አልደማም እኮ፣ እንዴት ሞተ?» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሦስተኛውን ግጭት በቀዶ ጥገና ከማከም በፊት ማለስለስ የሚችለው የመኪናው አካል ብቻ ነው።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። ዘመናዊ መኪና አንድ ዓይነት ብረት አይደለም። ከውጭ የምታዩትና በአውራ ጣት ገፋ ስታደርጉት ገባ የሚለው ላሜራ ስስና ለስላሳ ነው፤ እሱ ልብስ ነው በሉት። ከኮፈኑ ሥር ያሉት ሁለት ረጃጅም የብረት አግዳሚዎች እንደ አኮርዲዮን ተራ በተራ እንዲታጠፉ ታስበው የተሠሩ ናቸው። እናንተ የተቀመጣችሁበት ክፍል ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። በሩ አጠገብ ያሉት ምሶሶዎችና በበሩ ውስጥ ያለፈው አግዳሚ ቦሮን ከተጨመረበት ብረት ይሠራሉ፤ ይህ ብረት ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሞቆ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ተጨፍልቆ እዚያው በፍጥነት ይቀዘቅዛል። በዚህ መንገድ ከተራ ብረት ከ4 እጥፍ በላይ ጥንካሬ ያገኛል። ስለዚህ ፊቱ ይታጠፋል፣ መሃሉ አይታጠፍም። ሐሳቡን በ1951 የባለቤትነት መብት የጠየቀበት የመርሴዲስ መሐንዲስ ቤላ ባረንዪ ነው፤ በ1959 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር መኪና ላይ ሆኖ ገበያ ወጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

«የድሮው ይሻላል» ለሚል ሰው የማሳየው አንድ ቪዲዮ አለ። በ2009 በአሜሪካ የመኪና አደጋ ደህንነትን የሚመረምር፣ በኢንሹራንስ ድርጅቶች የሚደገፍ ተቋም 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር የ1959 ሼቭሮሌት ቤል ኤርን ከ2009 ሼቭሮሌት ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት አጋጨ። ሁለቱም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ነበር። ቤል ኤሩ ያ ሁሉ የሚያብረቀርቅ ብረት ያለው፣ ስታዩት ታንክ የሚመስል መኪና ነው። ሲጋጩ ግን ሹፌሩ የተቀመጠበት ክፍል እንዳለ ወደ ውስጥ ገባ፣ መሪውም ወደ አሻንጉሊቱ ሄደ። እውነተኛ ሰው ቢሆን ይሞት ነበር ተባለ። የማሊቡ አፍንጫ ድምጥማጡ ጠፋ፤ ሹፌሩ ግን ቢበዛ እግሩ ላይ ጉዳት ይደርስበት ነበር። ዩቲዩብ ላይ አለ፣ እዩት። ከኔ ጽሑፍ ይበልጥ ያሳምናችኋል።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። ይህ ብረት አንዴ ነው የሚሠራው። የተጨማደደ አግዳሚ በእሳት ተሞቆ ሲቃና መልኩ ይመለሳል፣ ባሕርይው ግን አይመለስም። ቦሮን ያለበት ብረት በተለይ እንደገና በእሳት ሲሞቅ ጥንካሬውን ያጣል፤ ለዚህ ነው አምራቾቹ አሙቃችሁ አታቃኑት፣ ቀይሩት የሚሉት። ምሶሶው ተቆርጦ ከሌላ መኪና በተቆረጠ ሲቀጠልና ስቱኮ ተለቅልቆ ቀለም ሲቀባ መኪናው አዲስ ይመስላል። በቀጣዩ ግጭት የቱ ቦታ ይታጠፋል ለሚለው ግን መልስ ያለው ሰው የለም። ጋራዥ ያሉ ባለሙያዎቻችንን መውቀሴ አይደለም፤ ያለ ዕቃ ምን ያድርጉ? እናንተ ግን ያገለገለ መኪና ስትገዙ የበሩን ጎማ ገለጥ አድርጋችሁ ምሶሶው ላይ የብየዳ ምልክት ፈልጉ፣ ምንጣፉን አንሡ፣ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሁለቱ አግዳሚዎች ቀጥ ማለታቸውን እዩ። ሞተሩን ለማዳመጥ የምትወስዱትን መካኒክ «ይህችንም እይልኝ» በሉት።

ፊት ላይ የሚበየደው የብረት ቱቦስ? ለማስጌጥ ወይም «ለመከላከያ» ተብሎ የሚደረገው ማለቴ ነው። የዘመናዊ መኪና ባምፐር ፕላስቲክ ሆኖ ከኋላው ፎም የተደረገለት ለርካሽነት ብቻ አይደለም፤ የእግረኛ ጉልበት ሲመታው እንዲሰጥም ነው። ኮፈኑና ሞተሩ መካከል ክፍተት የሚተወውም የእግረኛ ጭንቅላት ሲያርፍበት ላሜራው ገባ እንዲል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ቱቦውን ስታስበይዱ ይህን ሁሉ ሰርዛችሁ በሰው ታፋና በልጅ ራስ ልክ ብረት አቆማችሁ ማለት ነው። ይቅርባችሁ።

ቀበቶ ደግሞ ለኔ ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ ትልቁ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ስፋት ያላት የፖሊስተር ሽመና! በሦስት ነጥብ የምትያዘውን ያሁኗን ቀበቶ በ1959 የሠራው የቮልቮ መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ነው፤ ከዚያ በፊት ከጦር አውሮፕላን ተወርውሮ የሚወጣ ወንበር ላይ ይሠራ ነበር። ድርጅቱም ሌሎች መኪና ሠሪዎች በነፃ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ማሰር ፊት ወንበር ላይ ያለ ሰው የመሞት ዕድሉን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። እኔ የምጽፈው የትኛውም የመድኃኒት ማዘዣ እንዲህ ያለ ውጤት የለውም።

ሽመናዋ የምታድነው ግን በትክክለኛው አጥንት ላይ ስታርፍ ነው። የታችኛዋ ከሆድ በታች በዳሌ አጥንት ላይ፣ የላይኛዋ በትከሻና በአንገት መካከል አልፋ ደረት መሃል ላይ። ሆድ ላይ ከታሰረች አንጀትን ከጀርባ አጥንት ጋር ትጨፈልቃለች። በብብት ሥር ከተደረገች ጎድን ሰብራ ጉበትና ጣፊያን ትጎዳለች። ወንበሩን ለጥጣችሁ ከተኛችሁ ደግሞ በሥሯ ሾልካችሁ ትሄዳላችሁ። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ላይ ማሰርም ክፍተት ይፈጥራል። እርጉዝ እናቶች «ልጄን ይጫነዋል» ብለው ይተዋሉ፤ የታችኛዋን ከሆድ ሥር፣ የላይኛዋን በጡቶች መካከል አሳልፋችሁ እሰሩ። ያልታሰረች እናት ሆዷ መሪው ላይ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ ሲያርፍ ነው ጽንሱ የሚጎዳው።

ትራፊክ ሲታይ ብቻ ደረት ላይ ጣል የምናደርጋትን ነገር አላነሣም። ከጀርባ በኩል ቆልፎ ጩኸቷን ማጥፋትንም እንደዚሁ፣ ራሳችሁ ታውቃላችሁ። የኋላ ወንበር ላይ ያላችሁ ግን ስሙ፦ ያልታሰረ የኋላ ተሳፋሪ በግጭት ጊዜ የፊተኛውን ሰው ከኋላ የሚመታ ጭነት ነው። ራይድ ስትጠሩ ቀበቶዋ ወንበሩ ውስጥ ተቀብራ ካገኛችኋት ሹፌሩን አውጣልኝ በሉት፤ አያሳፍርም።

ልጅ ታቅፎ ፊት መቀመጥስ? ቅድም ያልነውን ሒሳብ መልሱት። የ10 ኪሎ ሕፃን በ50 ኪሎ ሜትር ግጭት ለዚያች ቅጽበት ከአንድ ኩንታል ተኩል በላይ ይሆናል። አንድ ኩንታል ተኩል በሁለት ክንዷ የምትይዝ እናት የለችም፣ አባትም የለም። በአንድ ቀበቶ እናትና ልጅን አብሮ ማሰር ደግሞ የባሰ ነው፤ የእናትየው ክብደት ልጁን ቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋል። የሕፃን ወንበር ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። ለመኪና ያን ያህል ብር ያወጣ ሰው ግን ለሷ ቢያስብባት እላለሁ። ጨቅላዎች ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ነው የሚቀመጡት፤ ጭንቅላታቸው ከሰውነታቸው አንጻር ከባድ፣ አንገታቸው ደግሞ ገና ያልጠነከረ ስለሆነ ድንጋጤውን ጀርባቸው በሙሉ እንዲቀበለው ነው። ይህን ወንበር ኤርባግ ካለበት የፊት መቀመጫ ላይ በፍጹም አታስቀምጡ። ያገለገለ ስትገዙም አደጋ ውስጥ የነበረ አለመሆኑን ጠይቁ።

ወደ ኤርባግ ስንመጣ፣ ከናይለን የተሸመነ ከረጢት ነው፤ ከሰከንድ አንድ ሃያኛ ባልሞላ ጊዜ በጋዝ ይሞላል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሳትገልጡ ሥራውን ጨርሷል። በዚህ ፍጥነት የሚወጣ ነገር ቅርቡ ያገኘውን ይመታል፤ ስለዚህ ደረታችሁና መሪው መካከል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይኑር። ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፉት የመስታወት ጌጦች፣ የሽቶ ጠርሙሶች፣ መሪው መሃል ላይ የሚጣበቁ አንጸባራቂዎች ኤርባግ ሲወጣ ጥይት ናቸው። ወንበራችሁ ጎን ላይ «ኤርባግ» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ካለ ከረጢቱ የሚወጣው ከዚያ ስፌት ነው፤ ወፍራም ሽፋን ካሰፋችሁበት አፈናችሁት።

አንድ ጊዜ የወጣ ኤርባግ መልሶ አይሠራም። አንዳንድ ቦታ ቀዳዳው ተለጥፎ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የኤርባግ መብራት ተነቅላ መኪናው ይሸጣል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ቁልፉን ስታዞሩ ያቺ ቀይ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርታ መጥፋት አለባት። ጭራሽ ካልበራች ወይም በርታ ከቀረች ችግር አለ።

ስለ ታካታ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። የጃፓኑ ድርጅት ኤርባጉን ለመንፋት አሞኒየም ናይትሬት ይጠቀም ነበር፤ ይህ ኬሚካል ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሽና ሲፈነዳ የብረት ማቀፊያውን ይበጣጥሰዋል። በቀላል ግጭት የብረት ስብርባሪ አንገትና ደረት የወጋቸው ሰዎች ነበሩ። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ ኤርባጎች እንዲቀየሩ ተጠርተዋል፣ እዚያው ከ20 በላይ ሰው ሞቷል። ከተጠሩት ውስጥ ኮሮላና እኛ ቪትዝ የምንላት ያሪስ፣ ብዙ የሆንዳ ሞዴሎችም ነበሩ። እነዚህ መኪኖች በከተማችን ሞልተዋል፤ ከሌላ አገር አገልግለው የመጡት ተቀይሮላቸው ይሁን አይሁን ባለቤቱ ካልጠየቀ አይታወቅም። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ የአምራቹን ድረ ገጽ ወይም ወኪሉን ጠይቁ። በራሳችሁ ፈትታችሁ አታዩት፣ ፈንጂ ነው።

መስታወቱን ቶሎ ልለፈው። የፊተኛው ሁለት መስታወት ሆኖ መሃሉ ላይ የፕላስቲክ ስስ ሽፋን አለው፤ ሲመታ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል እንጂ አይበተንም። የጎኖቹ ከ600 ዲግሪ በላይ ሞቀው በአየር በድንገት ስለሚቀዘቅዙ ሲሰበሩ እንደ ስኳር ድንጋይ ትንንሽ ኩብ ይሆናሉ። ከታካሚ ፀጉር ውስጥ የምንለቅመው እሱን ነው። ቁስላችሁ ከተሰፋ በኋላ ውስጡ የሚወጋችሁ ነገር ካለ ለሐኪሙ ንገሩ፤ መስታወት በተራ ኤክስሬይ አብዛኛውን ጊዜ ይታያል። የፊቱን መስታወት ስታስቀይሩ ደግሞ ማጣበቂያው በደንብ እስኪደርቅ አትንዱ፤ የተሳፋሪው ኤርባግ ሲወጣ የሚደገፈው እሱን ነው።

በቅርቡ በከተማችን ለበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች አንድ ነገር ልጨምር። ባትሪው ከወለሉ ሥር ነው፤ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ከፍተኛ ኃይል ስለሚሸከሙ አደጋ ቦታ ላይ አትንኳቸው። ከተጎዳ ባትሪ የሚወጣው ጭስ መርዛማ ነው፤ ነፋሱ ወደማይነፍስበት በኩል ራቁ። እሳቱ ከጠፋ ከሰዓታት በኋላም ሊነሣ ይችላል።

አደጋ ቢደርስባችሁስ? ኤርባግ ሲወጣ መኪናው ውስጥ የሚሞላው ነጭ ነገር በአብዛኛው ዱቄት ነው፤ «ተቃጠልን» ብላችሁ አትደንግጡ። ዓይናችሁን ብዙ ውኃ እያፈሰሳችሁ ታጠቡ፤ አስም ያለበት ሰው ትንፋሹ ካጠረ ወደ ሕክምና ይሂድ። ሆዳችሁ ላይ የቀበቶ ሰንበር ካለ «ደህና ነኝ» ብላችሁ ቤት አትግቡ። የአንጀት ጉዳት ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው የሚብሰው። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ግራ መጋባት፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝ፣ ደም የቀላቀለ ሽንት ካለ በሌሊትም ቢሆን ሂዱ። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስዱ ምልክት ባይኖራችሁም ታዩ።

ሌላ ሰው ተጎድቶ ካገኛችሁ እሳት ወይም ሌላ አጣዳፊ አደጋ ከሌለ እየጎተታችሁ አታውጡት፤ አንገቱን ባለበት ያዙት፣ የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ተጫኑ። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አዲስ አበባ ላላችሁ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ደውሉ። ሐኪም ጋ ስትደርሱም የመኪናውን ፎቶ በስልካችሁ አሳዩን። መሪው ታጥፎ እንደሆነ፣ የተሳፋሪው ክፍል ወደ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ከዚያ እናያለን።